ከሲከም (የትልቁ አንጀት መጀመሪያ) ካንሰር ናሙና 7 ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) ብቻ ወጣ፤ ሪፖርቱ ይፈረም ወይስ ወደ ስቡ እንመለስ?

ሐኪሟ_ሬዚ፦

ጤና ይስጥልኝ የሙያ ባልደረቦች። ፈርመን ከመልቀቃችን በፊት ምክራችሁን የምፈልግበት ናሙና አለ።

ቀኝ ሄሚኮሌክቶሚ (በቀዶ ሕክምና የወጣ የትልቁ አንጀት ቀኝ ክፍል) ነው። ኢሊየሙ (የትንሹ አንጀት መጨረሻ) 8 ሳ.ሜ፣ ሲከሙና አሴንዲንግ ኮሎኑ (ወደ ላይ የሚወጣው ትልቅ አንጀት) በድምሩ 19 ሳ.ሜ፣ ትርፍ አንጀቱም አብሮ አለ። ሲከሙ ላይ 5.5 ሳ.ሜ የሚሆን፣ ጠርዙ ያበጠ፣ መሃሉ የቆሰለ ዕጢ አለ። ችግሩ የሚጀምረው ከአመጣጡ ነው። አንጀቱ ሳይከፈት፣ አፈ ጠባብ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ታጭቆ፣ ግማሹን ብቻ በሸፈነ ፎርማሊን ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የደረሰን። ስንከፍተው ሙኮሳው (የአንጀቱ የውስጥ ሽፋን) አረንጓዴ ግራጫ ሆኗል፤ በቢላ ጀርባ ሲነካ እየተላጠ ይነሳል።

በኤች ኤንድ ኢ (በመደበኛው የማይክሮስኮፕ ቀለም) አዴኖካርሲኖማ (ከአንጀቱ ሽፋን የሚነሳ ካንሰር) መሆኑ አያጠራጥርም። ሙስኩላሪስ ፕሮፕሪያን (የአንጀቱን የጡንቻ ንብርብር) አልፎ ስቡ ውስጥ ስለገባ የጥልቀት ደረጃው ቢያንስ ቲ3 ነው። ሴሮሳውን (የአንጀቱን የውጪ ሽፋን) መንካት አለመንካቱን ግን መወሰን አልቻልንም። ቢያንስ 12 ሊምፍ ኖድ እየተፈለገ ከስቡ ያወጣነው 7 ነው፤ ሁሉም ከካንሰር ነጻ ናቸው፣ አንዱ ግን ግራኑሎማ (የመከላከያ ሕዋሳት ጉብታ) አለበት። ለሚስማች ሪፔር (የዲኤንኤ ስህተት የሚያርሙ ፕሮቲኖች መኖራቸውን ለማየት) የላክናቸው አራቱ ቀለሞች ደግሞ በዕጢው መሃል ሁሉም ደብዝዘዋል።

የምጠይቀው ይህን ነው፦ በ7 ኖድ ኤን0 (ኖዶቹ ነጻ) ይባላል ወይስ ኤንኤክስ (ኖዶቹን መገምገም አልተቻለም)? የቀሩትን ኖዶች የት እንፈልግ? የደበዘዘውን ቀለም «ጠፍቷል» ብለን መጻፍ እንችላለን? ግራኑሎማውስ? ስቡ አልተጣለም፤ ፎርማሊን ውስጥ አለ።


ሰምና_ስላይድ፦

ዶክተር፣ ስቡ አለመጣሉ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የላብራቶሪውን በኩል ልመልስ፣ የምርመራውን ሐኪሞቹ ይሉበታል።

ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚ.ሜ ገደማ ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ደግሞ እየዘገየ ይሄዳል። ያልተከፈተ አንጀት ውስጡ ሰገራ፣ ውጪው ወፍራም ስብ ስለሆነ ፎርማሊኑ ሙኮሳው ጋ ሳይደርስ ሙኮሳው በራሱ ኢንዛይም ይፈርሳል። ያዩት አረንጓዴ ግራጫ ቀለም ይኸው ነው። በኋላ ፎርማሊን ቢጨመርም የፈረሰው አይመለስም፤ ቀለሞቹ መሃል ላይ የደበዘዙትም ከዚሁ የተነሳ ይመስለኛል።

ለሚቀጥለው ናሙና ለላኪው ሆስፒታል እንዲህ ብላችሁ ጻፉላቸው። አንጀቱ በተወገደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሜሴንተሪው (አንጀቱን ከሚይዘው ስባማ ሽፋን) ተቃራኒ በሆነው ጎን በመቀስ ይከፈት፤ ዕጢው ጋ 2 ሳ.ሜ ሲቀር መቀሱ ይቁም። ያልተከፈተው ክፍል ውስጥ በፎርማሊን የራሰ ጎዝ ይግባበት። ሰገራው በሳላይን ቀስ ብሎ ይታጠብ፤ ከቧንቧ በኃይል የሚወርድ ውሃ ሙኮሳውን ይልጠዋል። ዕቃው ሰፊ አፍ ያለው ባልዲ ይሁን። ትኩስ አንጀት አጣጥፎ በጠባብ አፍ ማስገባት ይቻላል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ሳይቆረጥ አይወጣም፤ ቅርጹም ያው የዕቃው ቅርጽ ሆኖ ይቀራል። የፎርማሊኑ መጠን የናሙናውን 10 እጥፍ መሆን አለበት። ደም የበዛበት ከሆነ በነጋታው አንዴ ይቀየር።

አሠራሩ ላይም ስህተት ይበዛል። «10 በመቶ ፎርማሊን» ማለት 10 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ማለት አይደለም። ለ1 ሊትር፣ ከ37 እስከ 40 በመቶ ከሆነው ከጠርሙሱ 100 ሚ.ሊ፣ የተጣራ ውሃ 900 ሚ.ሊ፣ ሶዲየም ፎስፌት ሞኖቤዚክ 4 ግራም፣ ዳይቤዚኩ 6.5 ግራም ነው። ጨዎቹ ካልገቡ ፈሳሹ እየቆየ አሲድ ይሆንና ደም ባለበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ጥቁር ነጠብጣብ ይጥላል። ይህን ነጠብጣብ የወባ ፒግመንት ነው ብሎ የሚሳሳት አለ።

አሁን ወደ ስቡ። በ3 ሚ.ሜ ውፍረት ይከትፉት፣ በውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ 95 በመቶ አልኮል ወይም አሴቶን ውስጥ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይደር። ጠዋት ላይ ስቡ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል፤ ኖዶቹ ነጭና ጠንካራ ሆነው ይለያሉ። ካርኖይ የሚባለው ድብልቅም ይሠራል፦ አልኮል 60፣ ክሎሮፎርም 30፣ ግላሻል አሴቲክ አሲድ 10 በመቶ። ክሎሮፎርም ያለ ጭስ መሳቢያ ባይነካ እመርጣለሁ። አልኮሉ ያለ ክሎሮፎርም ጭስ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ የሚሻው ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው።


ፓቶ_ጨጓራ_አንጀት፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው። ነገር ግን ወደ አልኮል ከመሄዳችሁ በፊት በጣታችሁ ፈልጉ፤ አብዛኛው ኖድ የሚጠፋው ስቡ ስላልጸዳ ሳይሆን ስላልተዳሰሰ ነው።

ዶክተር፣ ስቡን ሦስት ቦታ ክፈይው፦ ከዕጢው ሥር ያለው፣ ከዕጢው የራቀው፣ ኢሊዮኮሊክ ደም ሥሩ የታሰረበት ጫፍ። እያንዳንዱን እንደ ዳቦ በ3 ሚ.ሜ ቁረጪና ቁራጩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እያሻሸሽ እለፊ። ስብ ይፈሳል፣ ኖድ ይቆማል። የሚፈለገው ከምስር የማይበልጥ ነገር ነው፤ 2 እና 3 ሚ.ሜ የሆነ ኖድ ካንሰር ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። ትልቅ ትልቁን ብቻ ለቅሞ ማቆም የኖድ ቁጥርን ከማሳነሱም በላይ ሜታስታሲሱን (የተዛመተውን ካንሰር) ጥሎ ያልፋል።

በብዛት የሚረሳው ቦታ የአንጀቱ ግድግዳ ጥግ ነው። ስቡን በመቀስ ስትገፊው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ስብ ይቀራል። ኖዶቹ እዚያው ናቸው፤ በተለይ ከዕጢው ግራና ቀኝ ባለው 2 ሳ.ሜ ውስጥ። እሱን በቢላ ልጠሽ አንሺው። በኢሊየሙና በሲከሙ መገናኛ ያለውን ማዕዘንም ክፈቺው።

አቆጣጠሩ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ትንንሾቹ ኖዶች ሳይቆረጡ ብዙ ሆነው አንድ ካሴት (የናሙና ቁራጭ መያዣ) ውስጥ መግባት ይችላሉ፤ ቁጥራቸው ግን ግሮሲንጉ (ናሙናው በዓይን ታይቶ ሲቆረጥ የሚጻፈው) ላይ ይጻፍ። ከ5 ሚ.ሜ የበለጠው በ2 ሚ.ሜ ተቆርጦ ለብቻው ካሴት ይግባ። ሁለት የተቆረጡ ኖዶች በግድ አንድ ካሴት መጋራት ካለባቸው አንዱን በሰማያዊ፣ ሌላውን በጥቁር ቀለም ለይው፤ አለዚያ በስላይድ ላይ አራት ቁራጭ አይተሽ አራት ኖድ ትቆጥሪያለሽ። ካፕሱል (ሽፋን) እና ከሥሩ ሳይነስ (የሊምፍ መተላለፊያ) የሌለው የሊምፎሳይት ክምችት ኖድ አይደለም፤ ለ12 መሙያ አይሁን። ስቡ ውስጥ ያለ የካንሰር ጉብታ የኖድም የደም ሥርም የነርቭም ቅሪት ከሌለው ደግሞ የዕጢ ክምችት ይባላል፤ ከኖዶቹ ቁጥር ጋር አይደመርም። ኖዶቹ በሙሉ ነጻ ሆነው እሱ ብቻ ከተገኘ ግን ደረጃው ኤን1ሲ ነው። በሽተኛውን ከ2ኛ ወደ 3ኛ ደረጃ የሚያሻግረው ያ አንድ ጉብታ ነውና ሳትፈትሺው አትለፊ።

ፈልጋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ቁጥሩ ከ12 በታች ቢቀርም ኤንኤክስ አትጻፉ። ኤንኤክስ ኖድ ጨርሶ ያልተመረመረ ሲሆን ነው። የሚጻፈው ኤን0፣ ቀጥሎ 0 ከ7 ወይም የደረሳችሁበት ቁጥር፣ ከሥሩም አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ስቡ በሙሉ በድጋሚ ተቆርጦ፣ በአልኮል ጸድቶ ተፈትሿል፤ ተጨማሪ ኖድ አልተገኘም»። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከሌለች የካንሰር ሐኪሙ ቁጥሩ ያነሰው በበሽተኛው አንጀት ይሁን በእኛ ቢላ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።


ሰርጂን_ሆድ፦

ከቀዶ ሕክምና በኩል ለምን እንደምንጨነቅ ልናገር። ቲ3 ኤን0 ከ12 ባነሰ ኖድ ሲመጣ እንደ ከፍተኛ ስጋት 2ኛ ደረጃ ነው የምንይዘው፤ ኬሞ ይሰጥ አይሰጥ የሚለው ውይይት ይከፈታል። ማለትም ግሮሲንግ ጠረጴዛ ላይ የቀሩት አምስት ኖዶች በሽተኛውን ለወራት ሕክምና ሊዳርጉት ይችላሉ። ቲ4 (ዕጢው የውጪውን ገጽ ሲያልፍ)፣ መበሳት፣ አንጀቱ ተዘግቶ በድንገተኛ መሠራቱ፣ የደም ሥርና የነርቭ ውስጥ ወረራም እንዲሁ ሚዛን ላይ ይገባሉ፤ ስለዚህ «የለም» እንኳን ቢሆን በሪፖርቱ ላይ በስም ይጠቀሱልን።

በእኛ በኩል ያለውንም ጉድለት አውቃለሁ። መጠየቂያው ላይ «ኮሎን ካንሰር» ብቻ ተጽፎ ይላካል። መኖር ያለበት፦ የትኛው የአንጀት ክፍል እንደሆነ፣ አንጀቱ ተበስቶ ወይም ተዘግቶ እንደነበር፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞ ወይም ጨረር መሰጠቱ፣ ዕጢው የተጣበቀበት አካል ካለ፣ ናሙናው የወጣበትና ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት። ኢሊዮኮሊኩ የታሰረበት ጫፍ ላይ ረጅም ክር መተው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዕጢውን ራሱን «ልየው» ብለን በቢላ የምንሰነጥቀውንም ነገር መተው አለብን፤ ሴሮሳው ላይ የተሰነጠቀ ዕጢ ለፓቶሎጂስቱ የተበሳ ይመስላል።


ሐኪሟ_ሬዚ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬውኑ ወደ ስቡ እንመለሳለን። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ አልኮል ውስጥ ከማሳደር የቀረውን ስብ እንዳለ ካሴት ውስጥ አስገብቶ መጨረስስ?


ፓቶ_ጨጓራ_አንጀት፦

ይቻላል፤ ስቡ ትንሽ ከሆነ እንዲያውም የሚሻለው እሱ ነው፣ ዓይን የማያየውን ማይክሮስኮፕ ያየዋል።


ሰምና_ስላይድ፦

ትንሽ ከሆነ እስማማለሁ። የቀኝ ኮሎን ስብ ግን 60 እና 70 ካሴት ይወስዳል። ስቡ በፕሮሰሰሩ በደንብ ውሃውን ካልለቀቀ ደግሞ ሰም አይገባውም፤ ማይክሮቶም (ስስ አድርጎ የሚቆርጠው ማሽን) ላይ ብሎኩ መሃሉ እየተቦረቦረ ይወድቃል። መጀመሪያ አልኮል፣ ከዚያ ከግድግዳው ጥግ ያለውን ብቻ እንዳለ ማስገባት ቢሆን ሪባኑም ይወጣል፣ ሰሙም ይተርፋል።


ኢሚዩኖ_ዴስክ፦

ስለ ሚስማች ሪፔሩ። «ጠፍቷል» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ኤምኤልኤች1፣ ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6 የኒውክለስ ቀለሞች ናቸው። ጠፋ የሚባለው የካንሰሩ ኒውክለስ ባዶ ሆኖ ከጎኑ ያሉት ሊምፎሳይቶች፣ የስትሮማ (ደጋፊ ሥጋ) ሕዋሳትና ጤነኛ ክሪፕቶች (የሙኮሳው ጉድጓዶች) ቡናማ ሆነው ሲታዩ ብቻ ነው። በእናንተ ስላይድ መሃል ሊምፎሳይቱም ከደበዘዘ እዚያ የሚነበብ ነገር የለም። ሌላው ፍንጭ አራቱም በአንድነት መውደቃቸው ነው። እውነተኛ ጉድለት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ኤምኤልኤች1 ሲጠፋ ፒኤምኤስ2 ይከተለዋል፣ ኤምኤስኤች2 ሲጠፋ ኤምኤስኤች6። ፒኤምኤስ2 ወይም ኤምኤስኤች6 ለብቻው ሊጠፋ ይችላል፣ አራቱ አብረው መጥፋት ግን እጅግ ብርቅ ነውና መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፎርማሊኑ ነው።

ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው ፎርማሊን ቀድሞ የደረሰበትን፣ ከዕጢው የውጪ ጠርዝ የተወሰደውን ብሎክ መምረጥ፤ በኤች ኤንድ ኢ ኒውክለሱ ጥርት ብሎ የሚታይበትንና ጤነኛ ሙኮሳ አብሮ ያለበትን። ሁለተኛው፣ ለእኔ የሚሻለው፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በኮሎኖስኮፒ የተወሰደውን ባዮፕሲ ብሎክ ማስመጣት ነው። ባዮፕሲ 2 እና 3 ሚ.ሜ ስለሆነ ፎርማሊን ውስጡ ድረስ በቶሎ ይገባዋል፤ ለእነዚህ ቀለሞች ከትልቁ ናሙና የበለጠ ይታመናል።

አንቲቦዲ የሚያጥርበት ላብራቶሪ በፒኤምኤስ2 እና በኤምኤስኤች6 ብቻ ቢጀምር ይበቃዋል። የኤምኤልኤች1 ጉድለት ፒኤምኤስ2 ላይ፣ የኤምኤስኤች2 ደግሞ ኤምኤስኤች6 ላይ ይታያል፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጠፋ ጥንዱን መጨመር ነው። ኤምኤልኤች1 በትክክል ጠፍቶ ከተገኘ የሚቀጥለው የብራፍ ቪ600ኢ (የጂን ለውጥ) ምርመራ ነው፤ ለውጡ ካለ በዘር ያልመጣ የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። ብራፍ የማይሠራበት ቦታ የቤተሰብ ታሪክ በደንብ ይጠየቅ፤ የአንጀት ብቻ ሳይሆን የማሕፀን ካንሰርም።

ሰርጂኑ ከላይ ላነሱት ነጥብም ይህ ውጤት ወሳኝ ነው። 2ኛ ደረጃ ላይ ያለ፣ ሚስማች ሪፔሩ የጎደለ ዕጢ አዝማሚያው የተሻለ ነው፤ በፍሎሮዩራሲል ብቻ የሚሰጥ ኬሞም አይጠቅመውም። በደበዘዘ ቀለም «ጠፍቷል» ብሎ መጻፍ የሚያስፈልገውን ሰው ሕክምና ሊያስቀር ይችላል፤ ቤተሰቡንም በሌለ የዘር በሽታ ያስጨንቃል።


ፓቶ_ጨጓራ_አንጀት፦

ሴሮሳው ሳይመለስ እንዳይቀር።

ሲከም በአብዛኛው በፔሪቶኒየም (በሆድ ዕቃ ስስ ሽፋን) የተሸፈነ ነው፤ አሴንዲንግ ኮሎኑ ግን ጀርባው ሽፋን የለውም። ያ ሽፋን የሌለው ጀርባ ቀዶ ሐኪሙ የቆረጠው ገጽ ስለሆነ ማርጂን ነው፤ ቀለም የሚቀባው እሱ ነው። የሚያበራው የፔሪቶኒየም ገጽ ማርጂን አይደለም፤ ዕጢው ከደረሰበት ቲ4ኤ ያደርገዋል እንጂ «ማርጂኑ ተይዟል» አያሰኝም። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተደበላልቀው ይጻፋሉ። ጀርባው ላይ ካንሰሩ ከቀለሙ 1 ሚ.ሜ ወይም ከዚያ ባነሰ ከቀረበ ማርጂኑ እንደተያዘ ይቆጠራል።

ቲ4ኤ የሚያመልጠው ለስላሳው ገጽ ላይ አይደለም፤ ፔሪቶኒየሙ ከአንጀቱ ወደ ስቡ የሚታጠፍባቸው ስንጥቆች ውስጥ ነው። ገጹ የደበዘዘበትን፣ የተኮማተረበትን፣ ፋይብሪን የለበሰውን ቦታ ዓይንሽ ይለየዋል፤ ከእዚያ ቢያንስ ሦስት ብሎክ ጨምሪ። በእናንተ ናሙና የሜሶቴሊየም (የፔሪቶኒየሙ ገጽ) ሕዋሳት ረግፈው ሊሆን ስለሚችል የእነሱ አለመኖር ብቻውን ምንም አያስረዳም። ካንሰሩ ከገጹ 1 ሚ.ሜ ውስጥ ሆኖ በዙሪያው ፋይብሪን፣ የደም መፍሰስ ወይም ያበጠ ሜሶቴሊየም ካለ ብሎኩን ጠለቅ አድርገሽ ሁለት ሦስት ጊዜ አስቆርጪ። የካንሰር ሕዋስ ገጹ ላይ ከታየ ቲ4ኤ ነው፤ ካልታየ ቲ3 ጽፈሽ ርቀቱን በሚ.ሜ አስፍሪ።

ግራኑሎማው ያለበት ኖድ ከካንሰር ነጻ እስከሆነ ድረስ ነጻ ተብሎ ይቆጠራል። ግራኑሎማውን ግን በስም ተከታተሉት። መሃሉ እንደ አይብ የሞተ ከሆነ ቲቢ እስኪወገድ ድረስ ቲቢ ነው፤ ዚል ኔልሰን (የቲቢ ባሲለስ ማሳያ ቀለም) ቀቢውና በዘይት ሌንስ ታግሠሽ ፈልጊ፤ በፓራፊን ቁራጭ ላይ ባሲለሱ ጥቂት ስለሆነ ባዶ ውጤት ቲቢን አያስቀርም። በአካባቢው ኢዮዚኖፊል (የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ከበዛ ብልሃርዝያ ይጠርጠር፤ በሀገራችን የአንጀቱ ዓይነት ሺስቶሶማ ማንሶኒ ነው፣ እንቁላሉ ጎኑ ላይ እሾህ አለው። ቁራጩ እሾሁን ስቶት ካለፈ ደግሞ የማንሶኒ ቅርፊት በዚል ኔልሰን ቀይ ይይዛል፤ ለቲቢ የተቀባው ስላይድ ለሁለቱም ያገለግላል። የሞተ መሃል የሌለው፣ እንቁላልም ባሲለስም ያልተገኘበት ግራኑሎማ ለካንሰሩ የተሰጠ ምላሽ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ይጻፍ።


ሐኪሟ_ሬዚ፦

ከግድግዳው ጥግ በተላጠው ስብ 4፣ ከአልኮሉ በኋላ ደግሞ 3 ተጨማሪ ኖድ ወጥቷል፤ ትልቁ 4 ሚ.ሜ ነው። ሁሉም ሳይቆረጡ ካሴት ገብተዋል፤ ኖድ መሆናቸው በማይክሮስኮፕ እስኪረጋገጥ ድምሩን 14 አላልኩም። የኮሎኖስኮፒው ብሎክ እንዲላክልን ተጽፏል። ዚል ኔልሰኑ ነገ ይቀባል። አልኮል ያደሩት ኖዶች ላይ ሳይቶኬራቲን (የካንሰር ሕዋስ ማሳያ ቀለም) ካስፈለገ ይይዛል?


ኢሚዩኖ_ዴስክ፦

አስቀድመው ፎርማሊን ውስጥ ስለቆዩ ይይዛል። ግን ለሁሉም ኖድ አትቅቡ፤ በኤች ኤንድ ኢ ሳይነስ ውስጥ አጠራጣሪ ሕዋስ ከታየ ለዚያ ኖድ ብቻ። ከተገኘ መጠኑን ለኩ፦ ከ0.2 ሚ.ሜ በታች የሆነ ብቸኛ ሕዋስ ወይም ትንሽ ክምችት ኤን0 እንደሆነ ይቆያል፣ ከ0.2 እስከ 2 ሚ.ሜ ማይክሮሜታስታሲስ ስለሆነ ኖዱ የተያዘ ተብሎ ይቆጠራል። የዕጢውን ብሎኮች ግን ወደ አልኮሉ ዕቃ እንዳታስገቡ።